የፈረሶች ጠበቃ ሄንሪ በርግ

ነገሩ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ከተማ የተለመደ ትርኢት ነበር። ክረምት ነው፤ መንገዱን በረዶ ሸፍኖታል። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚቸኩለው ሕዝብ በሐዲድ ላይ ሁለት ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ውስጥ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ ይጓዛል። ድንገት አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ወደ ታች የወረደ ባለባርኔጣ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ያነሣል። ሠረገላው ይቆማል። ሰውየው የፈረሶቹን ገጣባ ያያል፤ የሚንቀጠቀጥ ጉልበታቸውን ያያል። ከዚያም ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በእግሩ እንዲሄድ ያዛል። ተሳፋሪው ይሳደባል፣ ነጂው ይዝታል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሕግ በእጁ ነዋ!

ይህ ሰው ሄንሪ በርግ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1813 በዚያው በኒው ዮርክ ሲሆን አባቱ ክርስቲያን በርግ ስመ ጥር መርከብ ሠሪ ነበር። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ። አባቱ በተወለት ገንዘብ አውሮፓን ዞረ፤ ቲያትር ጻፈ፤ ቲያትሩን ግን የሚፈልግለት አልተገኘም። ባጭሩ እስከ ሃምሳ ዓመቱ ድረስ ይህን ሠራ የሚባልለት አንዳች ነገር አልነበረውም። (ገና በሃያ ዓመታችን ጊዜ አለፈብን እያልን የምናማርር እጩ መምህራን ይህችን ልብ ብንላት አይከፋም።)

በ1863 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሩሲያ በሚገኘው የአሜሪካ ሌጋሲዮን ጸሐፊ አድርጎ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ላከው። እዚያ ሳለ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ያለ ርኅራኄ ሲገርፍ አይቶ እንዲያቆም እንዳዘዘው ይነገራል። ባለጋሪውም ወርቅ ዘርፍ ያለበትን የዲፕሎማት ልብስ ሲያይ ደንግጦ ጅራፉን ጣለ። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው ሕይወት የተለወጠው በዚህች ደቂቃ ነው። ማዘንማ መንገደኛው ሁሉ ያዝናል፤ ጅራፉን ያስጣለው ግን ሥልጣን የሚመስል ነገር ነው። በርግ ይህን አልዘነጋም። ወደ አገሩ ሲመለስ ለንደን ላይ ቆይቶ በ1824 የተቋቋመውን የእንግሊዞች የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አሠራር ከፕሬዚዳንቱ ከሎርድ ሃሮቢ ተማረ።

ኒው ዮርክ ገብቶም ጊዜ አላጠፋም። የካቲት 8 ቀን 1866 እ.ኤ.አ. ክሊንተን በሚባለው አዳራሽ ንግግር አደረገ፤ የከተማውን ታላላቅ ሰዎች አስፈረመ። ሚያዝያ 10 ቀን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከለው የአሜሪካ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በኒው ዮርክ ከዚያም በፊት ፈረስንና በሬን በክፋት ማሠቃየትን የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። አንቀጹ ነበረ እንጂ የሚያስፈጽመው አልነበረም። የበርግ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። የማኅበሩ ወኪሎች አጥፊውን ይዘው ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ሥልጣን አስገኘላቸው። እሱ ራሱ ያለ ደመወዝ ቀን ከሌት በየመንገዱ ይዞር ጀመር። ጥጆችን እግራቸውን ጠፍሮ እንደ ማገዶ ከምሮ የሚጓዘው ሥጋ ሻጭ 10 ዶላር ተቀጣ።

ሁሉም ግን አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት ከፍሎሪዳ የመጣች ባለሸራ መርከብ ወደብ ላይ ቆማ አገኘ። የጫነችው መቶ ያህል የባሕር ኤሊ ነው፤ በጀርባቸው ተገልብጠው፣ ክንፋቸው ተበስቶ በገመድ ታስረዋል። በርግ ካፒቴኑን ከሰሰ። ታዲያ ችሎቱ ኤሊ በሕጉ እንስሳ ነው ወይስ አይደለም ወደሚል ክርክር ዞረና ካፒቴኑ በነፃ ተለቀቀ። ጋዜጦችም መሣቂያ አደረጉት፤ በየገጹ ተሾፈበት። ነገር ግን ሹፈቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ የማኅበሩን ስም ያልሰማ ሰው እንዳይኖር አደረገ። በርግ በገንዘቡ ቢያስተዋውቅ ኖሮ እንዲህ ባልሆነለት ነበር።

ባለትርኢቱ ባርነም ለእባቦቹ ጥንቸል ከነነፍሷ በመስጠቱም ተጣሉ፤ ሙግታቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ኋላ ግን ባርነም ወዳጁ ሆነ፤ ሲሞትም በኑዛዜው ለበርግ መታሰቢያ ማሠሪያ ገንዘብ ትቷል። በ1867 ማኅበሩ ለተጎዱ ፈረሶች አምቡላንስ ሠረገላ አሠራ። ይህም በዚያው ከተማ የሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል ለሰው አምቡላንስ ከማሠማራቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። በ1872 የፈረስ ወረርሽኝ ገብቶ የከተማው መጓጓዣ ሁሉ ቀጥ ባለ ጊዜ፣ የሚያስል ፈረስ ጠምደው የወጡትን እያስቆመ ወደ ጋጣቸው መለሰ። በዚያ ሰሞን ያልረገመው ነጋዴ አልነበረም።

አሁን ወደ ሜሪ ኤለን ታሪክ እንምጣ። በ1874 ኤታ ዊለር የምትባል፣ ድሆችን በየቤታቸው የምትጎበኝ ሴት፣ አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ በአሳዳጊዋ እየተገረፈች በቤት ተቆልፎባት እንደምትኖር ሰማች። ፖሊስ ዘንድ ሄደች፤ በጎ አድራጊዎች ዘንድ ሄደች፤ ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕፃናትን ከጭካኔ የሚጠብቅ አንቀጽ በወረቀት ላይ አለ፤ እንደ ፈረሱ ሁሉ የጠፋው አስፈጻሚው ነው። በመጨረሻ የእንስሳቱን ሰው ለምን አትጠይቂም ተባለችና በርግ ዘንድ ሄደች። እሱም የማኅበሩን ጠበቃ ኤልብሪጅ ጌሪን ጠርቶ ነገሩን በእጁ ሰጠው። ልጅቷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ላይ የመቀስ ቁስል እየታየ ችሎት ቀረበች። አሳዳጊዋ አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ በርግ ልጅቷም እንስሳ ናት ብሎ ተከራክሮ በእንስሳት ሕግ አዳናት ይላል። ተረት ነው። በርግ የቆመው እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው፤ ጌሪም በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ሰው ዳኛ ፊት ለማቅረብ በሚያስችለው ሕግ ነው የተጠቀመው። በ1875 በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር በዚያው በኒው ዮርክ በሕግ ተመዘገበ። እንግዲህ ለሰው ልጅ የታሰበው ለፈረስ ከታሰበው ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

በርግ መልአክ ነበር ለማለት አልደፍርም። ውሻና ድመት በማቀፍ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያንገበግበው ፍትሕ እንጂ ፍቅር አልነበረም። ግትር ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሚስቱን ለሚደበድብ ወንጀለኛ በአደባባይ መገረፍ እንዲመለስ ሲወተውት መኖሩ ነው። ከፈረስ ጀርባ ያነሣውን ጅራፍ በሰው ጀርባ ላይ ሊያሳርፈው መፈለጉን እንዴት እንዳስማማው እንጃ!

መጋቢት 12 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በታሪኳ ከታወቁት የበረዶ ማዕበሎች በአንደኛው ተውጣ ሳለ ሄንሪ በርግ በ74 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራ ሲጀምር ብቻውን ነበር፤ በሞተ ጊዜ ከ38ቱ የአሜሪካ ግዛቶች 37ቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ነበራቸው። የተቀበረው ብሩክሊን ውስጥ በግሪንውድ መካነ መቃብር ነው።

ሜሪ ኤለንም አደገች፤ አገባች፤ እስከ 1956 ድረስ ኖራ በ92 ዓመቷ አረፈች። አንደኛዋን ሴት ልጇን በዚያች ጎብኚ ስም ኤታ አለቻት፤ ሌላዋ ፍሎረንስ ትባላለች። ሁለቱም መምህራን ሆኑ።