ኤድዊን ሊንክ
(በምድር ላይ ሆኖ በረራን ያስተማረ ሰው)

አውሮፕላን አብራሪ ደመና ውስጥ በገባ ጊዜ ምድርም ሰማይም ይሰወሩበታል። በዚያን ጊዜ የገዛ ሰውነቱ ያታልለዋል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙ ፈሳሽ ያለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የሰውን ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳሉ። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ለጥቂት ጊዜ ሲዞር ፈሳሹም ከቱቦዎቹ ጋር እኩል ስለሚዞር፥ አብራሪው እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ይህን ስሜቱን አምኖ መሪውን ቢያንቀሳቅስ አውሮፕላኑ ወደ ምድር ሊከሰከስ ይችላል። የሚያድነው በፊቱ የተደረደሩትን መሣሪያዎች አንብቦ ማመን ነው። ይህን እምነት በልምምድ ማስገኘት እንደሚቻል ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤድዊን አልበርት ሊንክ ነበር።

ሊንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፥ ሀንቲንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1910 ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፥ ወደ ቢንግሃምተን ከተማ ተዛወረ። አባቱ በዚያ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ልጁም በፋብሪካው ውስጥ በአየር ግፊት የሚሠሩትን ወናፎች፥ ፓምፖችና ቫልቮች እየፈታና እየገጠመ ሙያውን ተማረ።

ሆኖም የወጣቱ ምኞት መብረር ነበር። በ1920 ዓ.ም. 50 ዶላር ከፍሎ የመጀመሪያውን የበረራ ትምህርት ለመቀበል ወደ አየር ወጣ። አስተማሪው ግን አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሲያገለባብጥ ቆይቶ፥ ተማሪውን መሪውን እንኳ ሳያስነካው መልሶ አወረደው። በዚያ ዘመን የበረራ ትምህርት ዋጋው ከፍ ያለ፥ አደጋውም ብዙ ነበር። ሊንክ በኋላ አብራሪ ለመሆን ቢበቃም፥ ተማሪ ከምድር ሳይነሣ የመሪን አያያዝ ሊለምድ የሚችልበትን ዘዴ ማሰላሰሉን አልተወም።

ከ1927 እስከ 1929 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአባቱ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ሐሳቡን በሥራ ላይ አዋለ። የሠራው መሣሪያ አጫጭር ክንፎች ያሉት፥ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ይመስል ነበር። ተማሪው መሪውን ሲያንቀሳቅስ ከበታቹ ያሉት የኦርጋን ወናፎች በአየር እየተነፉና እየሟሸሹ መሣሪያውን ወደ ጎን፥ ወደ ላይና ወደ ታች ያዘነብሉት ነበር። ሊንክ በ1930 ዓ.ም. የበረራ ትምህርት ቤት ከፍቶ በዚሁ መሣሪያ ማስተማር ጀመረ። ሌሎች ግን ቁም ነገር አድርገው አልተቀበሉትም። ከመሣሪያዎቹም አብዛኞቹ የተሸጡት ሰዎች ሳንቲም እየከፈሉ ለሚጫወቱባቸው የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ብዙ ሕይወት የጠፋበት ክረምት ነው። በየካቲት 1934 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የአየር ፖስታን የማመላለስ ሥራ ከግል ኩባንያዎች ወስዶ ለጦር ሠራዊቱ አየር ክፍል ሰጠ። የሠራዊቱ አብራሪዎች ደፋሮች ቢሆኑም፥ በሌሊትና በጭጋግ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር በቂ ልምምድ አልነበራቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ10 የሚበልጡ አብራሪዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የሠራዊቱ መኮንኖች ሊንክን ሊያነጋግሩት ቀጠሮ ሰጡት። በቀጠሮው ቀን ጭጋጉ ከባድ ስለነበረ መኮንኖቹ ይመጣል ብለው አልጠበቁትም። ሊንክ ግን መሣሪያዎቹን እያነበበ በርሮ ኒውዋርክ ደረሰ። ስለ ሥራው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገም። ሠራዊቱ በዚያው ዓመት እያንዳንዳቸው 3,500 ዶላር የሚያወጡ 6 መሣሪያዎችን ገዛ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ500,000 የሚበልጡ የአየር ኃይል ሰዎች በሊንክ መሣሪያ ሠለጠኑ። ተማሪው ወደ ውስጥ ገብቶ መክደኛው ሲዘጋበት ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። አስተማሪው በውጭ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ በሬዲዮ ያዘዋል። በጠረጴዛው ላይ የምትሽከረከር ትንሽ መሣሪያም ተማሪው የሄደበትን መንገድ በካርታ ላይ በቀለም ታሰምር ነበር። መንገድ የሳተ ተማሪ ስሕተቱን በካርታው ላይ ተመልክቶ እንደገና ይሞክራል፤ በአየር ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ስሕተት ሕይወቱን ሊያሳጣው በቻለ ነበር።

ሊንክ በኋለኛው ዕድሜው ወደ ባሕር ምርምር አዘነበለ። በ1973 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ፥ እርሱ ራሱ በሠራው የባሕር ሰርጓጅ ጀልባ ላይ በደረሰ አደጋ ልጁ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሞተ። አባትየው በሐዘን ተሸንፎ አልተቀመጠም፤ በባሕር ወለል ላይ የተያዙ ሰዎችን ለማዳን የሚያገለግል መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. አረፈ።

የሊንክ ሥራ ዛሬም በኮምፒዩተር ኃይል በሚንቀሳቀሱ፥ ሲሙሌተር በሚባሉ መሣሪያዎች ይቀጥላል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በእነዚሁ መሣሪያዎች ያሠለጥናል። ከአየር መንገድ አብራሪዎች ይልቅ ለመርሳት የተጋለጡት ግን በዕረፍት ቀናቸው ብቻ የሚበሩት የግል አብራሪዎች ናቸው። ስለዚህም በአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ በደመና ውስጥ ለመብረር የተፈቀደለት አብራሪ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ጊዜ በመሣሪያ እየተመራ ወደ ማረፊያ መቅረብን መለማመድ ይኖርበታል። ልምምዱን በተፈቀደ ሲሙሌተርም ሊፈጽም ይችላል። በዚያም የሞተር መጥፋትን ወይም የመሣሪያ መበላሸትን ያለ አደጋ ደጋግሞ ይሞክራል።

የአብራሪነት ፈቃድ አንድ ሰው ፈተናውን ባለፈበት ቀን ምን ያውቅ እንደነበረ ይመሰክራል። ደመና ውስጥ በሚገባበት ቀን የሚረዳው ግን ሳያቋርጥ ያደረገው ልምምድ ነው።