የለንደንን ጎዳናዎች በኪስ መጽሐፍ ያኖሩት ሠዓሊ

ፊሊስ ፒርሳል እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1906 በለንደን ተወለዱ። ከሃንጋሪ የተሰደዱት አባታቸው አሌክሳንደር ግሮስ በካርታ ኅትመት የታወቁ ቢሆኑም፣ ድርጅታቸው በመክሰሩ ፊሊስ ትምህርታቸውን አቋርጠው ገና በልጅነታቸው ኑሮን ለብቻቸው ተጋፈጡ።

በሥዕል ሙያ ይተዳደሩ የነበሩት ፊሊስ እ.ኤ.አ. በ1936 የጂኦግራፈርስ ካርታ ኩባንያን መሠረቱ። ከካርታ ነዳፊው ጄምስ ዳንካን ጋር በመሆንም የለንደንን ጎዳናዎች ከነስማቸው በፊደል ተራ የሚጠቁመውን "ኤ ቱ ዜድ" የተሰኘ የካርታ መጽሐፍ አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ትእዛዝ በእጅ ጋሪ እየገፉ ለሻጮች እንዳደረሱ ይነገራል።

ፊሊስ 23 ሺህ ጎዳናዎችን በእግራቸው አዳርሰዋል የሚለውን ትረካ ግን አንዳንድ የካርታ ታሪክ አጥኚዎች አይቀበሉትም። አብዛኛው መረጃ ቀድሞ ከነበሩ ካርታዎችና ከአካባቢ አስተዳደሮች እንደተሰበሰበ ያስረዳሉ።

የማያከራክረው ተግባራቸው ከዚያ በኋላ የፈጸሙት ነው። የአባታቸውን ድርጅት ውድቀት ያዩት ፊሊስ እ.ኤ.አ. በ1966 ኩባንያቸውን ለሠራተኞቹ ዋስትና በቆመ የአደራ ተቋም ሥር አዋሉት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1996 ዕድሜያቸው 90 ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አረፉ።