ዳግማዊ ምኒልክ፣ የአዲስ ዓለም መንገድና የዛሬው አስፋልታችን

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሳ አድዋ፣ ባቡርና ስልክ ይጠቀሳሉ። እኔ ግን ሙያዬ መንገድ በመሆኑ፣ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ቀልቤን የሚስበው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡራዩና በሆለታ በኩል አዲስ ዓለም የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ። በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው 10 ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጫኑ።

እንጦጦ በሰሜን በኩል የሱሉልታን ሜዳ ቁልቁል የሚያይ፣ ለመከላከል የሚመች ግን ብርዳምና ማገዶ ያጠረበት ጋራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ቢወርድም የማገዶ ችግሩ ተከትሎ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ። ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን ባያድናት ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ ሌላ ቦታ ትሆን ነበር። ከዚያ ሐሳብ የተረፈልን በ1890ዎቹ አጋማሽ የተሠራው መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን መንገድ ይሠራ የነበረው ድንጋይ ተከስክሶ፣ ተደልድሎና ተዳምጦ ነው። ጥንካሬው የሚመጣው ድንጋዩ እርስ በርስ ከመነካከሱና ውኃው በጊዜ ከመውረዱ ነበር። ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ በቆመበት ጊዜ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ በየብስ አዲስ አበባ አደረሰ። ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ደረሱ። ምኒልክ ግን ብዙም ሳይቆዩ በሕመም ተይዘው ታህሳስ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ መኪና በዛ። የላስቲክ ጎማ እየፈጠነ ሲሄድ በድንጋዩ መካከል ያለውን ደቃቅ አፈር እየመጠጠ ያወጣል፤ መንገዱም ይበተናል። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ማጣበቂያ ፈለገ። ያ ማጣበቂያ እኛ ሬንጅ የምንለው ቢቱመን፣ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ የሚቀረው ከባዱ ዝቃጭ ነው።

ሬንጅ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። አስፋልቲን የሚባሉት ከባድ ቅንጣቶች ማልቲን በተባለው ዘይታማ ክፍል ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። ማልቲኑ ከበዛ መንገዱ ይለሰልስና የጭነት መኪና ጎማ በሚሄድበት መስመር ይሰረጉዳል። ሬንጁ ሲቀላቀል ከመጠን በላይ ከጋለ፣ ወይም ለዓመታት ኦክስጅንና ፀሐይ ከተፈራረቁበት፣ አስፋልቲኑ ይበዛና ይደርቃል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን ሱሉልታን የመሰለ ቦታ ደግሞ ቀን ብርቱ ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ አለበት።

60/70 የሚባለው ደረጃ የሚናገረው በ25 ዲግሪ ሙቀት መርፌ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር እንደሚሰምጥ ብቻ ነው። ከተለያየ ድፍድፍ የወጡ ሁለት ሬንጆች በዚህ ፈተና እኩል ወጥተው፣ አንዱ ቶሎ ሊያረጅ ይችላል። በስንጥቁ ውኃ ሲገባ ደግሞ፣ ድንጋይ ከሬንጅ ይልቅ ውኃን ስለሚወድ ማጣበቂያው ይላቀቃል። ክረምት ሲወጣ የምናየው ጉድጓድ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የጅማ፣ የአምቦና የጎጃም መውጫ በሮች ናቸው። ፋብሪካውም ከባድ መኪናውም እዚያ ነው። ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው እንዴት እንደሚሠራ መርምረው ለማወቅ በመጓጓት የታወቁ ነበሩ። እኛም ሬንጁን ከውጭ ስናስገባ በመርፌው ውጤት ብቻ ረክተን መቀበል የለብንም። በሙቀት አስረጅተን እንፈትነው፤ ሲቀላቀል የሙቀቱን ልክ እንጠብቅ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለውኃው መውረጃ እናብጅለት። ይህን የመጨረሻውን የምኒልክ ዘመን ድንጋይ ደልዳዮችም ያውቁት ነበር።