ዙፋን የጣሉት የገበሬ ልጅ

በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ግዛት፣ ከማካው ወደብ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ጹይሄንግ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በ1866 በዚህች መንደር ከአንድ ድኻ ገበሬ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ቀን በጠባብ ማሳቸው ላይ ሲለፉ ውለው ማታ መንደሩን ሲጠብቁ ያድሩ ነበር። አካባቢው ሩዝ አብቃይ ቢሆንም ሩዝ ለዚያ ቤት ውድ ስለነበረ የዘወትር ምግባቸው ስኳር ድንች ነበር። ይህ ልጅ፣ ከ2 ሺህ ዓመታት በላይ የቆየው የቻይና ንጉሠ ነገሥታዊ አገዛዝ ሲወድቅ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ዶክተር ሱን ያት ሴን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የአገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ቻይናን ከ1644 ጀምሮ ይገዛ የነበረው ከሰሜን ምሥራቅ የመጣው የማንቹዎች ሥርወ መንግሥት፣ ቺንግ፣ ነበር። ሱን ያት ሴን ሲወለዱ ይህ መንግሥት ውስጡ ተቦርቡሯል። ከ1839 እስከ 1842 በተካሄደው የኦፒየም ጦርነት እንግሊዝ አሸንፋ ሆንግ ኮንግን ወስዳለች። የገበሬውን ጎጆ ይበልጥ የጎዳው ግን ከመድፉ ይልቅ የገንዘቡ ነገር ነበር። ገበሬው እህሉን ሸጦ የሚያገኘው የመዳብ ሳንቲም ሲሆን ግብሩ የሚሰላው በጥሬ ብር ነበር። ኦፒየም ወደ አገር እየገባ ጥሬ ብር ሲወጣ የብሩ ዋጋ ናረ። ግብር ሰብሳቢው በመዝገቡ ላይ አንዲት ቁጥር ሳይለውጥ፣ ገበሬው በሳንቲም የሚከፍለው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ወደ መሆን ደረሰ። በ1850 የተነሳውና 14 ዓመታት የዘለቀው የታይፒንግ ዐመፅ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳለቀበት የሚገመተው፣ ከዚህ ዓይነቱ ምሬት ኃይል ያገኘ ነበር።

የቤተሰቡን ዕድል የለወጠው ታላቅ ወንድማቸው ሱን ሜይ ነው። እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ሃዋይ ገባ፤ በጉልበት ሥራ ጀምሮ የእርሻና የከብት ባለቤት ለመሆን በቃ። ሱን ያት ሴንም በ1879 ከእናታቸው ጋር ወደዚያው ሄደው በሆኖሉሉ ተማሩ። በ1883 ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ከጓደኛቸው ከሉ ሃኦዶንግ ጋር ሆነው የመንደሩን ቤተ ጣዖት ምስል ሰበሩ። ሕዝቡ ስለተቆጣ መንደሩን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። በሆንግ ኮንግ የክርስትና ጥምቀት ተቀብለው ሕክምና አጠኑ፤ በ1892ም ተመርቀው በማካውና በጓንግዡ ሐኪም ሆነው ሠሩ።

ሱን ያት ሴን ገና ከጅምሩ ዐመፀኛ አልነበሩም። በ1894 በጊዜው እጅግ ኃያል ለነበረው ባለሥልጣን ለሊ ሆንግዣንግ ረጅም ማመልከቻ ጽፈው ወደ ቲያንጂን ተጓዙ። ሐሳባቸው አገር በመርከብና በመድፍ ብቻ እንደማይጠነክር የሚያስረዳ ነበር፤ የሰው ችሎታ ይውጣ፣ መሬት የሚችለውን ሁሉ ያፍራ፣ ሀብት ሳይባክን ሥራ ላይ ይዋል፣ ንግድም ያለ እንቅፋት ይንቀሳቀስ የሚል ነው። ስለ መሬት ባነሱት ክፍል የግብርና ሹሞች እንዲሾሙ፣ የግብርና ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ፣ የእርሻ መሣሪያም እንዲሻሻል ጠይቀዋል። በዚያ ዘመን ሹመት የሚገኘው ጥንታዊ መጻሕፍትን በቃል አጥንቶ በመፈተን ነበርና ስለ አፈርና ስለ ዘር የሚናገር ማመልከቻ ለሹማምንቱ እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። በዚያው ወቅት ከጃፓን ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ ሊ ሆንግዣንግም ወጣቱን ሐኪም ሳያነጋግራቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሱን ያት ሴን ደጅ አልጠኑም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሆኖሉሉ ቻይናን ለማነቃቃት ያለመ ማኅበር አቋቋሙ። ሱን ሜይ ለትግሉ ገንዘብ ከብቶቹን ሸጠ። በ1895 በጓንግዡ የታቀደው የመጀመሪያው ዐመፅ ሳይጀመር ከሸፈ፤ ያ ጣዖቱን አብሯቸው የሰበረው የልጅነት ጓደኛቸው ሉ ሃኦዶንግ ተይዞ ተገደለ። እርሳቸው ወደ ጃፓን ሸሽተው የተጎነጎነውን ጸጉራቸውን ቆረጡ። ያ ጉንጉን ማንቹዎች በወንዱ ሁሉ ላይ የጣሉት የመገዛት ምልክት ነበርና መቁረጡ በሞት የሚያስቀጣ ነበር።

በ1896 በለንደን የቻይና ሌጋሲዮን ውስጥ ተይዘው ወደ አገራቸው ሊላኩ 12 ቀናት ታሰሩ። ያዳናቸው የግቢው እንግሊዛዊ አገልጋይ ነው፤ መልእክታቸውን ደብቆ ለቀድሞ መምህራቸው ለዶክተር ካንትሊ አደረሰ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ስላስገደደ ተፈቱ። ቺንጎች ሊያጠፏቸው ያሰቡትን ሰው ስም ለዓለም አስተዋወቁ።

ቤተ መንግሥቱ ራሱን ለማዳን ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን የ1898ቱ ማሻሻያ ከ100 ቀናት ብዙም ሳያልፍ በእቴጌ ሲሺ ትእዛዝ ተቀጨ። ከ1900ው የቦክሰሮች ዐመፅ በኋላ የውጭ መንግሥታት 450 ሚሊዮን ታኤል ጥሬ ብር ካሳ ጫኑ፤ አንዱ ታኤል 37 ግራም ገደማ ነው። ዕዳው ዞሮ ዞሮ የሚወርደው በአራሹ ትከሻ ላይ ነበር። በ1905 በቶኪዮ የተሰባሰቡት አብዮተኞች ሱን ያት ሴንን መሪያቸው ሲያደርጉ ከዓላማዎቻቸው አንዱ የመሬት መብትን እኩል ማድረግ ነበር።

በ1908 ሲሺ ሞተች፤ 3 ዓመት ያልሞላው ፑዪ ነገሠ። በ1911 መንግሥት የባቡር መሥመሮችን ወርሶ በውጭ ብድር ሊያሠራ ተነሳ። በሲቹዋን ግዛት ለባቡሩ ከተዋጣው ገንዘብ ብዙው ከመሬት ምርት ላይ በግዳጅ የተቆረጠ ስለነበር ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። ዐመፁን ለማብረድ ከሁቤይ ግዛት ጦር ሲላክ የዉቻንግ ከተማ ጥበቃ ሳሳ። ጥቅምት 10 ቀን በዉቻንግ ወታደሮች ተነሱ፤ ግዛቶችም በየተራ ከቺንግ ተለዩ። ሱን ያት ሴን በዚያን ጊዜ ለትግሉ ገንዘብ እያሰባሰቡ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነበሩ፤ ዜናውን ያወቁት ከጋዜጣ ነው። 16 ዓመት የለፉበት ነገር ሳይኖሩበት ተጀመረ።

ጥር 1 ቀን 1912 በናንጂንግ የሪፐብሊኩ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕፃኑ ንጉሥ በየካቲት ከዙፋን ወረደ። ጦሩ ግን በዩዋን ሺካይ እጅ ነበር፤ የሱን ያት ሴን ግምጃ ቤትም ባዶ ነበር። ስለዚህ ሥልጣኑን ለእርሱ ለቀቁ። ይህን ውሳኔያቸውን እንደ ትዕግሥት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ግን ውድ ዋጋ ያስከፈለ ስሕተት ይመስለኛል። ዩዋን ተቃዋሚዎቹን አሳደደ፤ በ1915 መጨረሻም ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወጀ። በ1916 ሲሞት አገሪቱ በጦር አበጋዞች ተከፋፈለች። ጉንጉኑ ተቆረጠ፤ ንጉሡም ሄደ፤ ጭሰኛው ግን እህሉን ለባለመሬቱ መስፈሩን ቀጠለ።

ሱን ያት ሴን ይህን አላጡትም። በ1924 በጓንግዡ ባደረጉት ተከታታይ ንግግር፣ የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ ከምርቱ ከ10 እጅ 6ቱን ለባለመሬቱ እንደሚያስረክብ፣ ለራሱ የሚተርፈው 4 እጅ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ምርት ለመጨመርም ማሽን፣ ማዳበሪያ፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ ተባይ መከላከል፣ ምርትን ማቀነባበር፣ ማጓጓዝና አደጋን መከላከል እንደሚያስፈልግ ዘረዘሩ። ዛሬ አንድ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ለአርሶ አደሩ ከሚነግረው እምብዛም አይለይም። ይህ ሁሉ ግን መሬቱ የአራሹ ካልሆነ እንደማይሠራ በዚያው ዓመት ነሐሴ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ተቋም ተገኝተው ተናገሩ። በአገራችን አቆጣጠር በ1957 የአዲስ አበባ ተማሪዎች አደባባይ ይዘውት የወጡት፣ መሬት ለአራሹ የሚለው ጥያቄ በቻይና በእርሳቸው አንደበት የተሰማው ያኔ ነው።

ሲፈጸም ለማየት አልታደሉም። አገራቸውን በድርድር አንድ ለማድረግ ወደ ቤጂንግ እንደሄዱ በካንሰር ታመው መጋቢት 12 ቀን 1925 በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ኮሙኒስቶቹ በ1950 በዋናው ምድር የመሬት ሕግ አውጥተው ለገበሬው መሬት አከፋፈሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በጋራ እርሻ ሥር መልሰው ጠቀለሉት። የእርሳቸው ፓርቲ በበኩሉ ወደ ታይዋን ከተሰደደ በኋላ በ1953 መሬት ለአራሹን በሕግ ደነገገ።

በ1924ቱ ንግግራቸው ጎርፍና ድርቅን ከሥሩ ለመከላከል ተራሮችን በደን መሸፈን እንደሚገባ አጥብቀው አንስተው ነበር። ስለዚህም ዕለተ ሞታቸው የችግኝ መትከያ ቀን ሆኖ ተሰየመ። በፖለቲካ የማይስማሙት ቻይናና ታይዋን በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀን ሁለቱም ችግኝ ይተክላሉ።