ስደተኛው ዲያቆን ኤፍሬም

ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-6

ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሁሉ የቅዱስ ኤፍሬምን ስም ያውቃል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ድርሰቱ የእርሱ ነው ብላ ታስተምራለችና። ስደተኛ እንደነበረ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

የተወለደው ንጽቢን በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ልክ የሶርያ ድንበር ላይ ትገኛለች። ፋርሶች ሦስት ጊዜ ከበቧት፤ ሦስቱንም ጊዜ አልያዟትም። በ363 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ግን የሮሙ ንጉሥ ዮልያኖስ በጦርነት ሞተ፤ ተተኪውም ሠራዊቱን ለማዳን ሲል ከተማዋን በስምምነት ለፋርስ አስረከበ። ሕዝቡ ውጣ ተባለ። ኤፍሬም ያን ጊዜ ዕድሜው ከ50 በላይ ነበር። በዚያ ዕድሜ ቤት ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ እዚህ ላለነው ማንም አይነግረንም።

የተጠጋው ኤዴሳ ከተማ ነው። ሰው አገር ገብቶም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ አስተማረ፣ መዝሙር ደረሰ። ማዕረጉ እስከ መጨረሻው ዲያቆን ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደቆየ ኤዴሳን ክፉ ረሃብ መታት። ድሆች በየመንገዱ ይወድቁ ጀመር። እህሉ ከነጭራሹ ጠፍቶ አልነበረም፤ ያላቸው ሰዎች ዘግተውበት ነበር እንጂ። ኤፍሬም ከበዓቱ ወጥቶ ባለጠጎቹን ገሠጻቸው። እነርሱም መስጠቱን እንደማይጠሉ፣ ነገር ግን ሳይሰርቅ የሚያድል ታማኝ ሰው እንዳጡ ነገሩት። ሰበብ ይሁን እውነተኛ ስጋት እንጃ፤ ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል።

ራሽን በሚታደልበት ቀን ሰልፍ የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ፣ መስፈሪያው ጎደለ፣ የእነ እገሌ ወገን ቀደመ... በኢየሩሳሌምም እንዲሁ ነበር። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻችን በዕለቱ ማዕድ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ልብ በሉ፣ ሐዋርያት ሰዎቹን ለምን አጉረመረማችሁ ብለው አልተቆጡም። መልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ መራጩም ሕዝቡ ራሱ ነበር።

ኤፍሬም ለባለጠጎቹ ሌላ ስብከት አልጨመረም። እርሱን ያምኑት እንደሆነ ብቻ ጠየቃቸው። አመኑት! ከተማው ውስጥ ርስት የሌለው፣ ከሌላ አገር ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ነው የከተማው ገንዘብ በእጁ የተሰጠው። በገንዘቡም የአደባባዩን መተላለፊያ ደጆች ከፋፍሎ 300 ያህል አልጋ ዘረጋ። የተራበውን አበላ፣ የታመመውን አስታመመ፣ የሞተውን ቀበረ። የአገሬው ሰውም መጻተኛውም እኩል ተስተናገደ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ መገፋትን የቀመሰ ሰው መዝገቡን ሲይዝ ወገኑን አላስቀደመም።

ዓመቱ ዞሮ አዲሱ እህል ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ። ኤፍሬምም ሥራው አለቀና ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ወር ያህል እንኳ ሳይቆይ በ373 ዓ.ም. አረፈ። በእኛ ስንክሳር መታሰቢያው ሐምሌ 15 ነው። በስሙ የሚነገረው ኑዛዜ እንደሚለው፣ ከታላላቆቹ ጋር ሳይሆን በእንግዶች መቃብር እንዲቀብሩት ለምኖ ነበር።