ሉዊ ፓስተርና የጨው ክሪስታሎቹ

ፓስተር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን እ.ኤ.አ. በ1885 ለሰው የሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። እኔን ግን ከዚያ በፊት በኬሚስትነቱ የሠራው ሥራ ይበልጥ ይማርከኛል።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 በፈረንሳይ ዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ አልፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ እንቆቅልሽ ያዘው። ከወይን ጠጅ ዝቃጭ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ የፖላራይዝድ ብርሃንን ያዞራል፤ በቅንብሩ ከእሱ የማይለየው ራሴሚክ አሲድ ግን አያዞርም። ለምን?

ፓስተር የራሴሚክ አሲድን የሶዲየም አሞኒየም ጨው በውኃ አሟሙቶ ክሪስታል እስኪሠራ ጠበቀ። ክሪስታሎቹን አጉልቶ ሲያያቸው እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው። ታዲያ ምን አደረገ? በትዕግሥት አንድ በአንድ ለቅሞ ለያቸው። ለየብቻ ሲሟሙ አንደኛው ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ አዞረ። እኩል ሲቀላቀሉ ደግሞ ተጣፉ።

አንጋፋው ሳይንቲስት ቢዮ ግን ወሬውን ሰምቶ ዝም ብሎ አላመነም። ፓስተርን ወደ ራሱ ላቦራቶሪ ጠርቶ፣ በራሱ ኬሚካል አሠርቶ፣ ውጤቱን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው የተቀበለው።

ዕድልም ረድቶታል። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተለያይተው አይወጡም ነበር። ቢሆንም ዕድሉን ያስተዋለው ዓይኑ ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 አረፈ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምንማረው ስቴሪዮኬሚስትሪ አንዱ መሠረቱ ያ እፍኝ የማይሞላ ጨው ነው።