አራዳን ያላየችው የአራዳ ንግሥት

የሰፈራችሁ ሱቅ ገብታችሁ በስልክ ስትከፍሉ ባለሱቁ ምን ያደርጋል? የእናንተን ስክሪን አያምንም፤ የራሱ ስልክ ላይ ሜሴጅ እስኪገባ ይጠብቃል። ልክ ነው። መተማመን ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ከመቶ ዓመት በፊት አራዳ ገበያ ላይ ይህን ማረጋገጫ ትሰጥ የነበረችው አንዲት ባልቴት ናት። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ሞታለች፤ አራዳ የሚባል ሰፈርም አታውቅም። የጠገራ ብሯ ሴትዮ፣ ማርያ ቴሬዛ።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1717 ቪየና ውስጥ ነው። አባቷ ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 6ኛ ወራሽ የሚሆን ወንድ ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ ልጁ ስትነግሥ ማንም እንዳይነካት የአውሮፓን ነገሥታት ለዓመታት ሲያስማማና ሲያስፈርም ኖረ። በ1740 ሲሞት ማርያ ቴሬዛ 23 ዓመቷ ነው፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ ፊርማስ? ዓመቱ እንኳ ሳያልቅ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ሀብታሙን የሲሌዥያ ግዛቷን ወረረ። ሌሎችም ተከተሉት።

እሷ ግን እጅ አልሰጠችም። ሃንጋሪ ሄዳ በ1741 ዘውድ ጫነች፤ መኳንንቱን አሳምና ጦር አገኘች። ጦርነቱ በ1748 ሲያበቃ ሲሌዥያ አልተመለሰም፤ ዙፋኑ ግን ተርፏል። ከዚያ በኋላ ቤቷን ማደስ ጀመረች፦ መኳንንትና ቀሳውስት ግብር እንዲከፍሉ አደረገች፤ በ1774 ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አወጀች። በመሀሉ 16 ልጆች ወልዳለች። ቅድስት ነበረች እያልኩ ግን አይደለም፤ በ1744 የፕራግ አይሁዶች እንዲባረሩ አዛለች፣ በ1772 ደግሞ ፖላንድን ከተቀራመቱት አንዷ ናት።

ባሏ በ1765 ሲሞት ጥቁር ለበሰች፤ እስክትሞትም አላወለቀችም። ብሩ ላይ የምናየው ሻሽ የሐዘን ሻሽ ነው። በ1780 ስታርፍ በስሟ የሚታተመው ብር ማቆም ነበረበት። አላቆመም። የቀይ ባሕር አካባቢ ነጋዴዎች ዓይናቸው ለምዶት ስለነበር ሌላ መልክ አንቀበልም አሉ። እናም ያው ፊት፣ ያው ክብደት፣ ያው 1780 የሚል ዓመት መታተሙን ቀጠለ።

ነጋዴዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ሌባ ዳሩን ቢሞርደው ወዲያው ያስታውቃል። ማንበብ የማይችልም ሰው የጌጧን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ከጎደሉ አይቀበልም። ዲዛይን ለውበት ብቻ አይደለም፤ ለማያነብ ሰው መተማመኛ ነበር።

አራዳ ላይ ጠገራ ብር ለትልቅ ግዢ ነው። ለዝርዝር አሞሌ ጨው አለ፤ አሞሌው ደግሞ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ አሳትመው ሲያስመጡ ገበያው ተጠራጠረ። ንጉሡ በገዛ ከተማቸው ለሟች ባልቴት ተሸነፉ! ንቀት ግን አልነበረም፤ ሰው ያመነው የፈተነውን ነው።

ገንዘብ ግን የያዘውን እጅ አይመርጥም። በዚያው ብር ሰው ተሽጧል፣ ተገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ጣልያን ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ ብሩን አሳተመች፤ ሊወራት ባሰበችው አገር የሚሠራው ገንዘብ የቱ እንደሆነ አውቃለች።

በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የማርያ ቴሬዛ ዘመን ማብቃት ጀመረ። ከብሮቿ ብዙዎቹ ቀልጠው መስቀልና ጌጥ ሆነዋል።

የአባቷ የተፈረመ ወረቀት እሷን አላዳናትም፤ ክብደቱን ያልቀየረው ብሯ ግን በማታውቀው ሰፈር አስከበራት። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ገንዘብ ክብደት የለውም፤ ቁጥር ነው። ክብደቱ የቁጥሩ ጠባቂ ቃል ነው። ባለሱቁ ሜሴጁን ሲጠብቅ አትናደዱበት፤ ዕንቁ እየቆጠረ ነው።